ስለ ቮልስና ስለ ሴቼንቶ፤ ሚዛኑ ይስተካከል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በዚህ የአንባቢያን ደብዳቤ ዐምድ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ገበያ ዋጋና ስለ ታክሲ ሰልፍ ብዙ ቁም ነገር ሲጻፍ አነባለሁ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ከነዚህ ጎን ሲቆም ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ የሁለት አሮጌ አውቶሞቢሎች ነገር ነውና። ይሁን እንጂ በቤቴ ሁለት ወር ሙሉ ያከራከረን፣ በመሥሪያ ቤታችንም በሻይ ሰዓት ሰዉን በሁለት ጎራ የከፈለ ስለ ሆነ፣ ከዚህም ሌላ በከተማችን እንደ እኔ የአባቱን መኪና በግቢው አቁሞ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ስላይደለ፣ ለአስተያየቴ ቦታ እንዲሰጠው በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግቢያችን ሁለት መኪና ቆሟል። አንደኛዋ አባቴ ትተውልኝ ያለፉት ፊያት 600፣ የአዲስ አበባ ሰው ሴቼንቶ የሚላት ናት። ሁለተኛው አማቴ ለባለቤቴ ያወረሷት ቮልስ ዋገን ነው። ሁለቱም የ1963 ሥራ ናቸው። (የፋብሪካ ነገር ሳነሣ የምጽፈው ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ፤ የአገራችንን ስጽፍ ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።) ሁለቱም ዛሬ ድረስ ይነሣሉ፤ ይሄዳሉም። አሁን ግን ይኸን ቤት ለቀን ወደ ኮንዶሚኒየም ልንገባ ነው፤ እዚያ የሚደርሰን የመኪና ማቆሚያ ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሴት ልጃችን ደግሞ ነርስ ስለ ሆነች የሌሊት ተራ ትገባለች፤ ባለፈው ክረምትም መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ስለዚህ ከሁለቱ አንደኛው ለልጃችን ይሰጣል፤ ሌላው ይሸጣል።

ለምን አዲስ አይገዛላትም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ከውጭ ማስመጣትን እጅግ አስወድዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ለመግዛት የሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ያስገኘልኝ ደመወዝ እንደማይበቃ፣ ይኸን ጋዜጣ የሚያነብ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያለ ማስረጃ ያምነኛል።

እንግዲህ በዚህ ስንከራከር አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ጠንቃቃ ወጣት፣ ሁለቱን መኪናዎች በአንድ ገጽ ላይ አነጻጽሮ አመጣልኝ። በቀኝ ቮልስ፣ 1,192 ሲ.ሲ.፣ 40 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር። በግራ ሴቼንቶ፣ 767 ሲ.ሲ.፣ 29 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር። ከሥር በቀይ እስክሪብቶ «ቮልስ በሁሉም ይበልጣል» ብሎ ጽፎበታል። «ጋሼ፣ ቁጥር አይዋሽም» አለኝ። ቁጥሩ የተጻፈው በንጹሕ ልቡና መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን የአባቴ መኪና እንዲህ በአንድ ገጽ ወረቀት መፈረዷ አንገብግቦኝ፣ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤት ሄድሁ።

በመጀመሪያ ያየሁት ስሕተት 40 የሚለውን ነው። አማቴ በመኪናው ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀመጡት የፋብሪካው መምሪያ የሚለው 34 ነው። ታዲያ 40 ከየት መጣ ብዬ ስፈልግ፣ በዚያ ዘመን ጉልበት የሚለካው በሁለት ዐይነት ልክ እንደ ነበረ አገኘሁ። አሜሪካኖች ኤስ.ኤ.ኢ. በሚሉት ልክ ሞተሩ እንደ አየር ማጣሪያና እንደ ጭስ ማውጫ ያለው ዕቃው ሳይገጠምለት ለብቻው ይለካል። ጀርመኖች ዲን በሚሉት ልክ ግን መንገድ ላይ የሚሸከመውን ዕቃ ሁሉ እንደ ተሸከመ ይመዘናል። ያው አንዱ የቮልስ ሞተር በአሜሪካኑ 40፣ በጀርመኑ 34 ይሆናል። የሴቼንቶዋ 29 የተወሰደው ከጀርመኑ ልክ ነው። ስለዚህ ባልደረባዬ ሳያውቀው አንዱን ሰው ካፖርት አልብሶ፣ ሌላውን በእጀ ጠባብ መዝኖ ነው ያመጣልኝ። በመሥሪያ ቤታችን አንዱን ወጪ በብር፣ ሌላውን በዶላር ጽፎ የሚደምር ሠራተኛ ቢገኝ ምን እንደሚባል እሱ ራሱ ያውቃል። ይኸን ስነግረው ተቆጥቶ አልተከራከረኝም፤ እርሳሱን አውጥቶ 40ውን ሰረዘው። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

አሁን 34 ለ29 ሆነ። ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ቮልስ ባዶውን 740 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ሴቼንቶ 600 ኪሎ ግራም ገደማ ናት። ብናካፍለው በቮልስ አንዱ የፈረስ ጉልበት 21.8 ኪሎ ግራም ይጎትታል፤ በሴቼንቶ 20.7። እንግዲህ ባዶ መኪና ለሚነዳ ሰው የምትቀለው የአባቴ መኪና ናት ማለት ነው! ከአንድ ሊትር የሞተር ይዘት የሚወጣውንም ጉልበት ብናይ፣ ሴቼንቶ ወደ 38 ስታወጣ ቮልስ 29 እንኳ አይሞላም። ይኸን ሒሳብ ጨርሼ ወረቀቱን ለባለቤቴ ሳሳያት፣ ሳቅ ብላ፣ «ባዶ መኪና መቼ ነድተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሴቼንቶ በከተማችን ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት በሠራችባቸው ዓመታት፣ ቤተ ሰብ ተሸክማ በሄደችባቸውም ዓመታት፣ ባዶዋን የሄደችበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። አራት ሰው፣ እያንዳንዱ 65 ኪሎ፣ 20 ኪሎ ጤፍ ጨምሬ፣ 280 ኪሎ ግራም ጫንሁባቸው። ቮልስ 1,020 ኪሎ ግራም ሆኖ ለአንድ የፈረስ ጉልበት 30 ኪሎ ደረሰው። ሴቼንቶ 880 ሆና 30.3 ደረሳት። ብልጫው ጠፋ። ስድስት ሰው ቢጫን ደግሞ ልዩነቱ ወደ ቮልስ እየሰፋ ይሄዳል። ቀላል መኪና ጭነት ሲበዛባት ቅለቷ እየጠፋ የሚሄድ መሆኑን ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ነገር በባልደረባዬ ወረቀት ላይ ጨርሶ ያልነበረ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። የቮልስ ፒስቶን ከላይ እስከ ታች የሚሄደው 64 ሚሊ ሜትር ነው። የሴቼንቶዋ 63.5። ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ! ሁለቱ ሞተሮች በዚህ እንደ መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቮልስ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 3,600 ዙር ሲሽከረከር ነው፤ ሴቼንቶ 29ኙን ለመስጠት 4,800 ዙር ያስፈልጋታል። ስለዚህ የቮልስ ፒስቶን በሰከንድ 7.7 ሜትር ሲመላለስ የሴቼንቶዋ 10.2 ሜትር ትመላለሳለች። ያንኑ ያህል መንገድ የሚመላለሱ ሁለት ተላላኪዎች ቢኖሩና አንዱ በርምጃ፣ ሌላው በሩጫ ቢሄድ፣ የማን ጫማ ቀድሞ እንደሚያልቅ ግልጽ ነው።

የዚህ ምክንያቱ ከመሐንዲሶቹ ዐላማ የመጣ ነው እንጂ አንዱ ዐዋቂ፣ አንዱ አላዋቂ ስለ ሆነ አይደለም። ቮልስ በ1934 ከጀርመን መንግሥት በተሰጠው መመዘኛ መሠረት ፈርዲናንድ ፖርሸ የነደፈው ነው፤ በአዲሱ ሰፊ መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሳይደክም ውሎ እንዲያድር፣ ጋራዥ የሌለው ሰው በብርድ ውጭ ቢያሳድረውም ውኃው እንዳይበርድበት በአየር እንዲቀዘቅዝ ነበር የታሰበው። ስለዚህ መሐንዲሱ ጉልበቱን ሆነ ብሎ አፍኖ፣ የሚፈጥንበትን ልክ የሚኖርበት ልክ አደረገው። ዳንቴ ጃኮዛ ግን በ1955 በጄኔቫ ትርኢት የታየችውን 600 ሲነድፍ ሐሳቡ ሌላ ነበር። በሞተር ብስክሌት ሚስቱንና ልጁን አፈናጥጦ የሚሄደውን የኢጣሊያ ሠራተኛ ጣራ ሥር ማስገባት ነበረበት። ዋጋዋ 590,000 ሊሬ፣ ርዝመቷ ከ3.3 ሜትር የማይሞላ፣ ሞተሯ በመጀመሪያ 633 ሲ.ሲ. ብቻ፣ ሆኖም አራት ሰው የምትይዝ መኪና ሠራ። የእኛዋ በ1960 የወጣው 767 ሲ.ሲ. ሞተር ያላት ናት። በዚያች ጠባብ ነገር ውስጥ ይኸን ሁሉ ማስገባት ከቮልስ ሥራ ይበልጥ እንጂ አያንስም፤ በበኩሌ የምሐንድስና ሽልማት ስጥ ብባል ለጃኮዛ ነው የምሰጠው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ሁሉ ከጉልበቱ ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋ ያጣል። የቮልስ 34 ወደ 26፣ የሴቼንቶ 29 ወደ 22 ይወርዳል። ባልደረባዬ «ኪሳራው ለሁለቱም እኩል ነው» ብሎ ነበር። በድርሻ እኩል ነው። ነገር ግን ከትልቅ ደመወዝና ከትንሽ ደመወዝ እኩል አንድ አራተኛ ቢቆረጥ፣ ወር የማይደርሰው የቱ እንደ ሆነ ለመንግሥት ሠራተኛ አላስረዳም። በዚህ ላይ ካርቡራተሩ ለባሕር ዳርቻ አየር እንደ ተለካ ከተተወ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ብዙ ሰው «መኪናዬ ቤንዚን ጠጪ ሆነች» ብሎ የሚያማርረው ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ በከፍታው ልክ ስላልተጠበበ ነው። የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ መነሣት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ይኸ ትንሽ ቀዳዳ ትልቅ ነገር ሆኗል። በነገራችን ላይ በነዳጅ በኩል ሴቼንቶን የሚረታት የለም፤ በፋብሪካው ቁጥር ቮልስ ለ100 ኪሎ ሜትር 7.5 ሊትር ሲፈልግ እሷ 6 ሊትር ገደማ ይበቃታል።

በወረቀት ብቻ እንዳልፈርድ አንድ እሑድ ማለዳ መንገዱ ባዶ ሳለ ሁለቱንም አወጣኋቸው። ቤተ ሰቡን አምስት ሆነን በየተራ ጭኜ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ወጣሁ፤ ከዚያም በሽሮ ሜዳ አድርጌ ወደ እንጦጦ። ቮልሱ ቸርችልን በሦስተኛ ማርሽ ወጣው፤ ድምፁ እንደ ልማዱ እንደ ወፍጮ ነው፤ አልተጨነቀም። ሴቼንቶዋ ግማሽ ላይ ስትደርስ ሁለተኛ ጠየቀችኝ። ሁለተኛ ስሰጣት እየጮኸች፣ ግን በደስታ ነው የምለው፣ ወጣች። ይኸ የሚሆነው የቮልስ የማዞር ኀይል ገና በ2,000 ዙር ላይ ሙሉ ስለሚሆን ነው፤ የሴቼንቶዋ ግን ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው፤ እሱንም የምትሰጠው ካልተጣደፈች አይደለም። በእንጦጦ ዳገት የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ፤ ያን ጊዜ ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

በ1972 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ አያቴን ለመጠየቅ በዚህችው መኪና ስድስት ሆነን ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድን። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ በረሃ ስንወርድ ደኅና ነበርን። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር ከኋላ ነጭ እንፋሎት ተነሣ። አባቴ ዳር አቁመው ሁላችንንም አወረዱ። እኔ ለመርዳት ብዬ የሸማ ጫፍ ጠቅልዬ የራዲያተሩን ክዳን ልይዝ ስል እጄን በጥፊ መቱኝ። አባቴ በሕይወታቸው የመቱኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ፤ ከጀሪካን ውኃ እየጨመሩ፣ በየጥቂቱ እያረፉ፣ እስከ ደጀን አደረሱን። ጥፋቱ የመኪናዋ አልነበረም። ራዲያተሩ ለዓመታት ሳይታጠብ ዝገት ሞልቶት እንደ ነበረ በኋላ ተገኘ። ደግሞም አራት ሰው እንድትጭን በተሠራች መኪና ስድስት ነበርን። ሆኖም የሴቼንቶ ራዲያተር የሚገኘው ከኋላ፣ ከሞተሩ ጎን ነው፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ አያገኘውም፤ የሚታመነው በማራገቢያው ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታም ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ክዳኑ ግፊት መያዝ የተሳነው እንደ ሆነ የሚቀረው ትዕግሥት ትንሽ ነው።

ይኸን የሚያነብ የቮልስ ወዳጅ «ውኃ የሌለው አይፈላም» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። አይቸኩል። የሳሳ አየር ለማቀዝቀዝም የሳሳ ነው። የቮልስ የዘይት ማቀዝቀዣ በሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ስለ ቆመ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ የሞቀ አየር ነው የሚደርሰው፤ ቫልቩም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ዘይቱ በሙሉ 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ያችው ዘይት ታለሰልሳለች፣ ያችው ታቀዘቅዛለች። ዘይት መለወጥ የሚያዘገይ ሰው ቮልስ መያዝ የለበትም። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከደብረ ብርሃን ሲመለሱ ቺንጋው ተበጥሶ ቀዩ መብራት በራ። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ያው አንዱ ቺንጋ ስለ ሆነ መብራቱ የሚናገረው «አሁኑኑ ቁም» ነው። እሳቸው ግን «ባትሪው ነው፤ ቤት እንደርሳለን» ብለው ቀጠሉ። ሞተሩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነክሶ ቀረ። የሰፈራችን ሽማግሌ መካኒክ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የያዙትን አራት ብሎኖች ፈትቶ፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ሞተሩን አወጣና በማግሥቱ ሌላ አሮጌ ሞተር ገጠመለት። እስከ ዛሬ የሚያስሄደው ያ ነው። ስለዚህ «ቮልስ አይሞትም» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ይሞታል፤ ግን መቃብሩ ጥልቅ አይደለም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ፤ ክርክሩ የተነሣው ስለ እሷ ነውና። ሌሊት ብቻዋን ለምትነዳ ሴት ከከፍተኛ ፍጥነት በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። የሴቼንቶዋ በሮች ማጠፊያቸው ከኋላ ነው፤ ፋብሪካው ይኸን በ1964 ለውጦታል፤ የእኛዋ አንድ ዓመት ቀድማ ስለ ተወለደች አልደረሳትም። እየተሄደ በሩ ቢለቅ ነፋስ ይገፋዋል እንጂ አይዘጋውም። ይኸን ነገር ባሰብሁት ቁጥር ሆዴ ይርዳል። በሌላ በኩል የሴቼንቶ የኋላ እግሮች አያያዝ ከቮልሱ የተሻለ ነው። የዚያን ዘመን ቮልስ በኩርባ ላይ በፍጥነት ገብቶ ነዳጅ ድንገት የለቀቀበት ሰው እንደ ሆነ፣ የኋላ ጎማው ወደ ሥር ይታጠፍና ጅራቱ ሊቀድም ይችላል። ይኸንን ለልጄ በባዶ ሜዳ ማስተማር ይገባኛል። ሁለቱም ፍሬናቸው ከበሮ ነው፤ ሁለቱም የቤንዚን ጋናቸው ከፊት ነው፤ የእኛዎቹ ሁለቱም ሲመጡ የደኅንነት ቀበቶ አልነበራቸውም።

በመብራት በኩል ግን የአባቴ መኪና ትረታለች። እሷ 12 ቮልት ናት። ቮልሱ 6 ቮልት ስለ ሆነ መብራቱ እንደ ኩራዝ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ መጥረጊያውም አብሮ ይደክማል። ለሌሊት ሠራተኛ ይኸ ከባድ ጉድለት ነው፤ ባልደረባዬ ግን በሠንጠረዡ ላይ አንዲት መሥመር እንኳ አልሰጠውም ነበር። ሆኖም ጉድለቱ የሚታረም ነው። ባትሪውን፣ ዲናሞውን፣ አምፖሎቹንና የሚያስነሣውን ሞተሪኖ በ12 ቮልት መለወጥ በከተማችን ብዙ ሰው ያደረገው ሥራ ነው። የበሩን ማጠፊያ ከኋላ ወደ ፊት ማዞር ግን የመኪናውን አካል ቆርጦ መሥራት ነው፤ አልሞክረውም።

መለዋወጫም አለ። ቮልስ በጀርመን ቢቀርም በሜክሲኮ እስከ ሐምሌ 2003 ድረስ ሲሠራ ቆይቶ 21 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሆኖ ነው ያበቃው። ሴቼንቶ በኢጣሊያ በ1969 ቆማለች፤ የዩጎዝላቪያዋ እኅቷም በ1985 አብቅታለች። የቮልስ ጓርኒሲዮን ዛሬም አዲሱ ይገኛል። ለሴቼንቶዋ የውኃ ፓምፕ ስፈልግ ሦስት ቅዳሜ ሜርካቶ ተመላልሼ ያገኘሁት ከሌላ መኪና የወለቀ ነው።

በነዚህ ሁሉ ምክንያቶች በቤታችን የተቆረጠው ነገር ቮልሱ ለልጃችን እንዲሆን ነው። ሐሳቡን ያቀረብሁትም እኔው ነኝ፤ ባለቤቴ ግን ያሰብሁትን ያህል አልተደሰተችም። «የአባትህን መኪና ሸጠህ የአባቴን ስታስቀምጥ ነገ እንዳትቆጨኝ» ብላኛለች። ለባልደረባዬም የምለው አለኝ፦ በመጨረሻ እሱ ከደረሰበት ቦታ ደርሻለሁ፤ ግን የእሱ 40 አላደረሰኝም። ልኩ ሳይስተካከል ቮልሱን መርጬ ቢሆን ኖሮ በአባቴ መኪና ላይ በሐሰት ማስረጃ ፈርጄ ነበር፤ ስለ መብራቱም ሳላስብ ልጄን በ6 ቮልት ጨለማ ላይ አሰማርቻት ነበር።

ከሴቼንቶዋ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ለቮልሱ 12 ቮልት፣ ለፊት ወንበሮቹ ቀበቶና ለአራቱም ፍሬኖች ይውላል። እስካሁን ሦስት ሰዎች አይተዋታል። አንደኛው የፈለገው ቆርቆሮዋን ብቻ ስለ ነበረ ሻይ ጋብዤ ሸኝቸዋለሁ። ሁለተኛው ለሠርግ ማጀቢያ አስቧት ዋጋ ቢያሳንስም በጎ ሰው ይመስላል። ሦስተኛው ዳገት ትወጣለች ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ ከሦስት ሰው በላይ አትጫንባት፣ ራዲያተሯን በየዓመቱ እጠብላት፣ የሞቀ ክዳን በእጅህ አትንካ ብዬ መልሼለታለሁ። እሱ የመጪው ቅዳሜ ተመልሶ እመጣለሁ ብሏል።

በሒሳቤ ላይ ስሕተት ያገኘ አንባቢ፣ ይልቁንም ሁለቱንም መኪናዎች የነዳ ሰው፣ በዚሁ ዐምድ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል። ቁጥሩን ሲያመጣ ግን የሁለቱንም በአንድ ልክ ያምጣልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ